ዛፉን አሳድገህ ሣለው

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። እትዬ የሕንፃና የመንገድ ንድፍ በእጃቸው ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ወጣቱ የእኅታቸው ልጅ ነው፤ በኮምፒዩተር ንድፍ ይሠራል፤ አሁን የእናቱን ግቢ ሊያለማ ተነሥቷል። ቦታው አዲስ አበባ፣ ወሩ የካቲት ነው።

ወጣቱ፦ እትዬ፣ የእማዬን ግቢ ንድፍ ጨረስኩት። ይኸው ስልኬ ላይ አለ። ፕሮግራሙ ራሱ ነው ያወጣው፤ ካልወደዱት ሌላ ዓይነት ያወጣልናል።

እትዬ፦ እስቲ ወዲህ በለው። ያምራል። ሣሩ ለምለም፣ አበባው ወይን ጠጅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ። ዓሣ የሚዋኝበት ኩሬ ጭምር አስገብተህላታል። ለመሆኑ ከበሩ እስከ በረንዳው ስንት ሜትር ነው?

ወጣቱ፦ ካርታው 200 ካሬ ይላል። አሥር በሃያ ነው። ከዚያ ላይ ቤቱ የያዘው ይቀነሳል።

እትዬ፦ ካርታው የተሰጣችሁን ነው የሚነግርህ፤ የቀራችሁን ከየት ያውቃል? ካርታው ከወጣ በኋላ እናትህ ማድ ቤት ጨምራለች፣ የውኃ ታንከር አቁማለች፣ የመኪና መግቢያውን ኮብልስቶን አስነጥፋለች። እዚህ ሥዕል ውስጥ ታንከሩ የታል?

ወጣቱ፦ ይሄ እኮ ሐሳቡን ለማሳየት ያህል ነው።

እትዬ፦ የማንን ሐሳብ? ልብስ ማስጫ የለው፣ ጤና አዳም የለው፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ የለው። ነግ ለቅሶ ቢመጣ ሰዉን ኩሬው ውስጥ ልታስቀምጠው ነው?

ወጣቱ፦ ገባኝ፣ ልለካና እንደገና ላስገባው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ ቀኑን ሙሉ አውቶካድ ላይ የምውል ሰው ነኝ። አውቶካድ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 ነው የወጣው፤ ከእኔ ይበልጣል። እርስዎ ግን ገና ስለ ግቢው ስነግርዎት «እርሳስ ግዛ» አሉኝ። ናፍቆት ካልሆነ በቀር ምን ያደርግልኛል?

እትዬ፦ ናፍቆትስ የለብኝም። ትሬሲንግ ወረቀት ላይ የፈሰሰ ቀለም በምላጭ እየፋቁ ማጥፋትን ማን ይናፍቃል? ፍቀህ ፍቀህ ሊያልቅልህ ሲል ወረቀቱ ይበሳል፤ ከዚያ ሁሉንም እንደገና ነው። አሞኒያ የሚሸተው የማተሚያ ክፍል ደግሞ ነበረልህ። ያ ሁሉ ሄደ፤ ተገላገልን። እኔ ስለ መጀመሪያው ንድፍ ብቻ ነው የማወራው። ኮምፒዩተርህ ላይ ግቢውን ስትፈልግ ታቀርበዋለህ፣ ስትፈልግ ታርቀዋለህ፤ ምኑ ትልቅ ምኑ ትንሽ እንደሆነ ዓይንህ ይዘነጋል። ዛፍ ስትፈልግ ከተዘጋጀው መካከል መርጠህ ጣል ነው። ወረቀት ላይ ግን ስኬሉ አንዴ 1 ለ 50 ከሆነ እስከ መጨረሻው 1 ለ 50 ነው፤ ሁለት ሴንቲ አንድ ሜትር። ዛፍ ለመሣል ኮምፓሱን መክፈት አለብህ፤ ለመክፈት ደግሞ ስንት ድረስ እንደምትከፍተው መወሰን አለብህ። እጅህ እዚያ ላይ ይቆማል። ግቢ የሚድነው እዚያ ቆም ስትል ነው።

ወጣቱ፦ ኮምፒዩተሩም ላይ እኮ የክቡን ልክ ቁጥር መጻፍ ይቻላል።

እትዬ፦ ይቻላል። አንተ ጻፍህ ወይ? በረንዳው ጥግ ያስቀመጥከው አቮካዶ ስፋቱ ስንት ነው?

ወጣቱ፦ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው።

እትዬ፦ ችግኙን ነዋ የሣልከው! ቆይ፣ ወደ እሱ እንመለሳለን። በምን ልትለካ ነው?

ወጣቱ፦ ሌዘር መለኪያ አለኝ።

እትዬ፦ ሌዘር ከግድግዳ ግድግዳ ግሩም ነው። ግቢ መካከል ግን የሚያርፍበት ነገር የለውም፤ በቀትር ፀሐይ ቀይዋን ነጥብ ፈልገህም አታገኛት። 30 ሜትር የሚሳብ ሜትር፣ ሲባጎና ችካል ያዝ። ጫፉን የሚይዝልህ ሰውም ያስፈልግሃል፤ ብቻህን ስትለካ ሜትሩ ይረግባል። ከሁሉ በፊት ግን ቤቱ ከአጥሩ ጋር ትይዩ ቆሟል ብለህ አትመን። አዲስ አበባ ውስጥ ትይዩ የሆነ አጥር ብዙም አላየሁም።

ወጣቱ፦ ትይዩ ካልሆነ ከምን ተነሥቼ ልለካ?

እትዬ፦ ከቤቱ። ቤቱ የትም አይሄድም። የፊት ለፊቱን ግድግዳ መነሻ አድርገህ ሁለቱን ማዕዘኖች ሀ እና ለ በላቸው። ከዚያ በኋላ ለምትፈልገው ነገር ሁሉ፣ ለዛፉም ለታንከሩም ለአጥሩ ጥግም፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ትወስዳለህ፤ ከሀ ስንት ይርቃል፣ ከለ ስንት ይርቃል። ወረቀት ላይ ኮምፓስህን በመጀመሪያው ቁጥር ልክ ከፍተህ ከሀ ቅስት ታዞራለህ፤ በሁለተኛው ልክ ከለ ታዞራለህ። ቅስቶቹ የተቋረጡበት ላይ ታንከሩ አለ። የእናንተ ቤት ፊት ለፊቱ 8 ሜትር ነው እንበል፤ አንድ ዛፍ ከሁለቱም ማዕዘን 5፣ 5 ሜትር ቢርቅ ከግድግዳው መካከል ትይዩ 3 ሜትር ላይ ነው የቆመው። ማስላት ሳያስፈልግህ ወረቀቱ ያወጣልሃል።

ወጣቱ፦ ይሄማ ቀያሾች የሚሠሩት ነው።

እትዬ፦ ከእነሱ ነው የተማርኩት። እንዳትሳሳት ሦስተኛ ልክ ጨምር፤ ከማድ ቤቱ ጥግ ለምሳሌ። ሦስተኛው ቅስት በዚያው ነጥብ ካላለፈ አንዱን ቁጥር ገልብጠህ ጽፈሃል ማለት ነው። መደብ ለማውጣት ቀጥ ያለ ማዕዘን ከፈለግህ 3፣ 4፣ 5 ነው፤ እሱን ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። ሲባጎውን በሦስት ሜትር፣ በአራት ሜትርና በአምስት ሜትር ጎን ከዘጋኸው በሦስቱና በአራቱ መካከል ያለው ማዕዘን ቀጥ ይላል።

ወጣቱ፦ ወረቀቱስ?

እትዬ፦ ኤ3 ይበቃሃል። አሥር በሃያ ሜትር ግቢ በ1 ለ 50 ሲሆን 20 በ40 ሴንቲ ነው፤ ኤ3 ደግሞ 29.7 በ42። በረጅሙ በኩል በየጫፉ አንድ ሴንቲ ብቻ ይተርፍሃል፤ ስለዚህ ጽሑፍህን በጎን ታደርገዋለህ። በ1 ለ 100 ከሆነ ኤ4 ላይ ይገባል፣ ግን ጤና አዳሟ ነጥብ ትሆንብሃለች። ለመነሻ መስመሮች 2ኤች እርሳስ፣ ለሚቀረው ኤችቢ፣ ግድግዳና አጥር ወፈር እንዲል 2ቢ። እርሳስ ላይ ብዙ አትጨነቅ።

ዋናው ነገር መደረቡ ነው። አሁን ያለውን ነገር ሁሉ፣ ቤቱን፣ ታንከሩን፣ ጉድጓዱን፣ የመብራት ገመዱን፣ አንድ ወረቀት ላይ በደንብ ሥራና ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር አጣብቀው። ከዚያ በላዩ ትሬሲንግ እየደረብህ ያሰብከውን ሞክር። ሐሳብህ መጥፎ ከሆነ ትሬሲንጉን ቅደደው፤ ከሥሩ ያለውን አይነካውም።

ወጣቱ፦ ሌየር እኮ ነው ያሉኝ። አውቶካድ ላይ ያንኑ ነው የምናደርገው።

እትዬ፦ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ሃምፍሪ ሬፕተን የሚባል እንግሊዛዊ፣ በ1818 ነው የሞተው፣ ለየደንበኛው በቀይ ቆዳ የተጠረዘ መጽሐፍ ይሠራ ነበር። ሥዕሉ ላይ የወረቀት ክዳን አለ። ክዳኑ እንዳለ ስታየው ግቢው ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ያሳይሃል፤ ስትገልጠው ሰውዬው ሊያደርገው ያሰበውን ታያለህ።

ወጣቱ፦ ማስታወቂያ ነው ይበሉታ!

እትዬ፦ አዎ፣ ነጋዴ ነበር። ቢሆንም ዛሬ ያለውን ሳያሳይ ነገን አልሸጠም። የአንተ ስልክ ታንከሩን ውጦት ነው የመጣው።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ታንከሩን ይተዉልኝ። ስለ ፀሐይ ግን አንብቤያለሁ። ከሰሜን ግድግዳ ሥር ጥላ የሚወድ ተክል፣ ከደቡብ ግድግዳ ሥር ፀሐይ የሚወድ። ያየሁት መጽሐፍ ሁሉ እንዲህ ይላል።

እትዬ፦ የት የታተመ መጽሐፍ?

ወጣቱ፦ ለንደን።

እትዬ፦ ለለንደን እውነት ነው። ለንደን ከምድር ወገብ 51 ዲግሪ ተኩል ወደ ሰሜን ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ 3 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ 11 ሜትር ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። እኛ 9 ዲግሪ ላይ ነን። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ 57 ዲግሪ ተኩል ትደርሳለች፤ ያው 3 ሜትር ግድግዳ የሚጥለው ጥላ 1 ሜትር ከ90 ሴንቲ ገደማ ነው። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ፀሐይዋ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ግድግዳው ጥላውን ወደ ደቡብ ይጥላል፣ 77 ሴንቲ ያህል።

ወጣቱ፦ ወደ ደቡብ? እዚህ አዲስ አበባ?

እትዬ፦ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። አርባ ዓመት እዚህ ኖሮ ያላስተዋለ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ከቤት የሚወጣ ሰው ጥላውን አያይም። ስለዚህ የለንደኑን ደንብ እዚህ ያመጣ ሰው በክረምት ጥላ የሚወደውን ተክል ፀሐይ ላይ ተክሎ «ለምን ተቃጠለብኝ?» ይላል።

ወጣቱ፦ ታዲያ እኛ ሰሜንና ደቡብን ከተውን ምን እንይ?

እትዬ፦ ምሥራቅና ምዕራብን። በክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ፀሐይ ከተገኘች የምትገኘው ጥዋት ነው። ስለዚህ በሐምሌ ፀሐይ የሚያስፈልገውን ወደ ምሥራቅ አድርገው። በበጋ ደግሞ የምዕራቡ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ይግላል፤ ለስላሳ ቅጠል እዚያ አይቆይም። ንድፍህ ላይ የጥዋት 3 ሰዓትን ጥላ በአንድ ትሬሲንግ፣ የከሰዓት 10 ሰዓትን በሌላ ትሬሲንግ ሥራ። ሁለቱን ስትደርባቸው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ካሰብከው ያንሳል።

ወጣቱ፦ ሰሜንን ለማወቅ በስልኬ ኮምፓስ እጠቀማለሁ።

እትዬ፦ ቆርቆሮ አጥርና ፌሮ አጠገብ ኮምፓስ ይዋሻል። ዘንግ ትከል። ጥላው ከሁሉ ያጠረበት ቅጽበት መስመሩ ሰሜንና ደቡብን ይሰጥሃል። ልክ 6 ሰዓት ላይ ግን እንዳትጠብቀው። ሰዓታችን የተሰላው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው በ45 ዲግሪ መስመር ነው፤ አዲስ አበባ ወደ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ የምትዘገይብን 25 ደቂቃ ያህል ነው። እንደ ወሩ ደግሞ እስከ ሩብ ሰዓት ወዲህና ወዲያ ይላል። አሁን በየካቲት ከ6 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ሚያዝያ ከገባ አትሞክረው፤ ፀሐይ አናትህ ላይ ስትሆን ጥላው ዘንጉ ሥር ገብቶ ይጠፋል።

ወጣቱ፦ ይሄን ሁሉ ማስገባት አለብኝ? ትንሽ ግቢ እኮ ነው።

እትዬ፦ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሰፊ ቦታ ያለው ሰው ቢሳሳት ዘወር ብሎ ይተክላል፤ አንተ ወዴት ትዞራለህ? ውኃውን ደግሞ አትርሳ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 100 ካሬ ቢሆን 20 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ኃይለኛ ዝናብ 2,000 ሊትር ያወርድባችኋል። በየትኛው አሸንዳ ወርዶ በየት በኩል እንደሚወጣ በቀስት ሣል። ቁልቁለቱን ለማወቅ ውኃ የሞላህበት ግልጽ ጎማ ይበቃል፤ በሁለቱ ጫፎች ውኃው እኩል ከፍታ ላይ ነው የሚቆመው፤ ከዚያ ወደ መሬት ስንት እንደሆነ በሁለቱም በኩል ለካ፤ ልዩነቱ ቁልቁለቱ ነው። አሁን በጋ ስለሆነ የሚታይ ውኃ የለም፤ ባለፈው ክረምት የት የት እንደተኛ እናትህን ጠይቃት። እሷ በጫማዋ ታውቀዋለች።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ወደ አቮካዶው እንመለስ። ስንት ልሣለው?

እትዬ፦ ከዘር የበቀለ አቮካዶ አድጎ ሲዘረጋ 8 ሜትር ስፋት ቢይዝ የሚገርም አይደለም። በ1 ለ 50 ስንት ይሆናል?

ወጣቱ፦ አሥራ ስድስት ሴንቲ።

እትዬ፦ ግቢህ ወረቀቱ ላይ ስፋቱ ስንት ነው?

ወጣቱ፦ ሃያ። ኧረ እትዬ! ግቢውን በሙሉ ይይዘዋል።

እትዬ፦ አየህ፣ ነግሬህ ቢሆን «እየገረዝኩ አኖረዋለሁ» ትለኝ ነበር። ክቡን ራስህ ስታዞረው ግን በረንዳውን ሲሸፍን፣ የጎረቤት አጥር ላይ ሲወጣ፣ ሥሩ ወደ ጉድጓዱ ሲያመራ ታየዋለህ። ለዚህ ነው ዛፉን አሳድገህ ሣለው የምልህ። በተከልክበት ዓመት የሚኖረውን ስፋት በነጠብጣብ መስመር ከመካከሉ አስቀምጥ፣ ያደገውን በሙሉ መስመር። በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ለጥቂት ዓመት ጎመንም ቆስጣም ይበቅላል።

ወጣቱ፦ ስለዚህ አቮካዶ ቀርቷል?

እትዬ፦ የተዳቀለና በመግረዝ የሚያዝ ካገኘህ ከኋላ ጥግ ላይ አስብበት። ኮክ ይሻልሃል፤ ቡናም ጥላ ካላት ሁለት ሜትር ይበቃታል። ዝግባ ግን እንዳታስበው፤ ከ40 ሜትር በላይ ቁመት ሊደርስ የሚችል ዛፍ ነው፤ ችግኙ ግን አበባ መሸጫ ውስጥ የጠረጴዛ ጌጥ ይመስላል። የምትተክለውን ዛፍ መጀመሪያ አርጅቶ እየው፤ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሂድ፣ ወይም አሮጌ ደብር ቅጥር ግባና ከግንዱ እስከ ቅርንጫፉ ጫፍ በእርምጃ ለካ።

ወጣቱ፦ ሥዕሉ ውስጥ ለየተክሉ ቁጥር ሰጥቼ ዝርዝሩን በጎን ላድርገው?

እትዬ፦ ስሙን እዚያው ውስጡ ጻፈው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሳንክት ጋለን የሚባል ገዳም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት የተሣለ የገዳም ንድፍ አለ። አምስት ብራና ተሰፍቶ ነው የተሠራው። የመድኃኒት ቅጠሉ ቦታ 16 መደብ፣ የአትክልቱ 18 መደብ አለው፤ በየመደቡ ላይ ሽንኩርቱም ድንብላሉም ስሙ ተጽፎበታል። ዛሬም ማንም ላቲን የሚያውቅ ሰው ምን የት እንደታሰበ ያነበዋል። ቁጥር ብቻ ቢጽፉና ዝርዝሩ ቢጠፋ ምን ይተርፈን ነበር?

ወጣቱ፦ የእኔ ፋይል አይጠፋም፤ ኢንተርኔት ላይ ነው የሚቀመጠው።

እትዬ፦ የዛሬ ሠላሳ ዓመት በምን ትከፍተዋለህ? ገርትሩድ ጄኪል የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች፤ ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ሥዕልና ጥልፍ ትታ ወደ አትክልት የዞረች። ከ400 በላይ ግቢ ነድፋለች፤ በየአበባው መደብ ውስጥ ስሙንና ስንት እንደሚተከል በእጇ ትጽፍ ነበር። ከሞተች በኋላ ወረቀቶቿን ቢያትሪክስ ፋራንድ የምትባል አሜሪካዊት የግቢ ንድፍ ባለሙያ ገዝታ በኋላ ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ ሰጠቻቸው። አፕተን ግሬይ የሚባለውን ቦታ ጄኪል በ1908 ነድፋው ነበር፤ በኋላ ጫካ ዋጠው። በ1980ዎቹ ቤቱን የገዙት ሰዎች ከበርክሌይ የንድፉን ቅጂ አስመጥተው ግቢውን መደብ በመደብ መልሰው ተከሉት። ወረቀቱ ባይኖር ማን ያውቀው ነበር?

ወጣቱ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። አውቶካዱን ልተወው?

እትዬ፦ ለምን ትተወዋለህ? ለኮብልስቶን ስንት ካሬ፣ ለአፈር ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያስፈልግህ ሲሆን ማሽኑ ከእኔ ይፈጥናል፤ አይሳሳትምም። ለግንበኛው የምትሰጠውም፣ ዋሺንግተን ላለው ወንድምህ የምትልከውም እሱ ይሁን። እኔ የምከለክልህ በእሱ መጀመርን ነው።

ወጣቱ፦ ቀለም መቀባቱስ?

እትዬ፦ ለእናትህ ለማሳየት ከሆነ ቀባ። ጥቂት አረንጓዴ እርሳስ ይበቃል። ያማረ ሥዕል ላይ ሰው «ይሄ ይነሣ» ለማለት ያፍራል፤ እናትህ ደግሞ ይሉኝታ ታበዛለች። በእርሳስ ብቻ እያለ አሳያትና የምትሻውን ራሷ ትሣልበት። ጤና አዳሙና በሶብላው ከማድ ቤቱ በር ስንት እርምጃ እንዲሆኑ እንደምትፈልግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ ግን አንተ አስከብር፤ ምንም ዓይነት ዛፍ እንዳይገባበት።

ወጣቱ፦ መቼ እንጀምር?

እትዬ፦ ቅዳሜ ጥዋት ና፤ ሜትሩን እኔ እይዝልሃለሁ። ችግኝ የሚተከለው ዝናቡ ሲይዝ፣ በሰኔ ማብቂያና በሐምሌ ነው። ወረቀቱ ግንቦት ሳያልቅ ማለቅ አለበት፤ እስከዚያ አንድም ችግኝ እንዳትገዛ።